ሰሌዳ ይዘው የሚቆሙት ሴቶች፦ ስፖርቱ ውስጥ አሁንም ቦታ አላቸው?

ሦስተኛ_ማርሽ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ሞቶ ጂፒ እያየን ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ካሜራው መነሻው መስመር ላይ ዞረ። ተወዳዳሪዎቹ ሞተራቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ከጎናቸው ጃንጥላ የያዙ ሴቶች ቆመዋል። አንዱ «ይሄ ነገር ቀርቶ አልነበር እንዴ?» አለ። ሌላው «የቀረው ፎርሙላ ዋን ላይ ነው» አለው። ከዚያ በኋላ ውድድሩን በሥርዓት ያየ የለም፣ እስኪመሽ ተጨቃጨቅን። ስላልተቋጨልን ነው እዚህ ያመጣሁት።

ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ፎርሙላ ዋን ላይ ውድድር ከመጀመሩ በፊት የሹፌሩ ስምና ቁጥር ያለበትን ሰሌዳ ይዘው መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ግሪድ ገርል ይሏቸዋል። ይቁም የተባለው ጃንዋሪ 31 ቀን 2018 ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ሊበርቲ ሚዲያ ስፖርቱን ከገዛ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር፣ የንግድ ክፍሉ ኃላፊ ሾን ብራችስ ልማዱ ከብራንዳችን እሴት ጋር አይሄድም፣ ዘመኑ ከሚቀበለውም ጋር ይጋጫል ብሎ አስታወቀ። ማርች ላይ ሜልቦርን የውድድር ዓመቱ ሲከፈት በነሱ ቦታ ከካርቲንግ (ከትንንሽ መኪኖች ውድድር) እና ከጀማሪ ውድድሮች የመጡ ልጆች ቆሙ።

የኔ አቋም ይኸው። እኔ ይሄን ስፖርት ማየት የጀመርኩት ሹማከር ፌራሪ ላይ በነገሠበት ዘመን ነው። ሴቶቹ ያኔ በየውድድሩ አሉ። ሰሌዳ ይይዛሉ፣ አሸናፊዎቹ ወደ ፖዲየም ሲወጡ መተላለፊያው ላይ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያጨበጭባሉ፣ ልብሳቸው የስፖንሰሩ ቀለም ነው። ያን ሁሉ ዓመት አይቻቸው የአንዷንም ፊት አላስታውስም። የሲጋራውን ስም ግን እስከ ፊደሉ ቅርጽ አስታውሳለሁ። ሳስበው የሚከፋኝ ይሄ ነው። ሰው ቆሞ ሳለ እኔ ያየሁት ማስታወቂያውን ነው፣ የቆመችውም ለዚያ ነው።

በ2015 ሻንጋይ ላይ ሃሚልተን አሸነፈና ሻምፓኙን አጠገቡ የቆመችው አስተናጋጅ ፊት ላይ ረጨው። ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን አጨማዳ እዛው ቆማለች። አልሸሸችም። እንዴት ትሽሽ? ሥራዋ መቆም ነዋ።

ስለዚህ መቅረቱ ልክ ነው እላለሁ። ያልተዋጠልኝ አወጣጡ ነው። ለዓመታት ሲያቆሟቸው የኖሩት ሰዎች በአንድ መግለጫ አስወጧቸው። የመጨረሻ ውድድራቸው የትኛው እንደነበር እንኳ ቆመው ሳለ አያውቁም ነበር። እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ? ቦታ አላቸው ወይስ የላቸውም? ካላቸው ምን ዓይነት ቦታ?

የቄራው_ልጅ

ወንድሜ በዚህ አልስማማም፣ በግልጽ ልንገርህ።

አንደኛ፣ ማንም አስገድዶ አላቆማቸውም። ውሳኔው ሲነገር በየሚዲያው ወጥተው የተናገሩት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሥራችንን እንወደዋለን፣ እንጀራችን ነው፣ ስለኛ እኛን ጠይቁን ብለው። ማን ሰማቸው? ነፍሱን ይማርና ኒኪ ላውዳም ውሳኔው ሴቶችን የሚጎዳ ነው ብሎ ተናግሯል። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ እሳት ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰው ነው። የድሮው የፎርሙላ ዋን አለቃ በርኒ ኤክልስተንም ተቃውሟል። ሞናኮ ደግሞ በዚያው በ2018 ሰሌዳ ሳያስይዝ በሰዓት ስፖንሰሩ በኩል ሞዴሎች አቁሟል።

ስለ ሻንጋይዋ ልጅም የተውከው ነገር አለ። ተጠይቃ እኮ አንድ ሁለት ሰኮንድ ነው፣ ብዙም አላሰብኩበትም ነው ያለችው። እሷ ያልተከፋችበትን እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ስንከፋላት ልክ አይመጣልኝም።

ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። እኛ አገር ሠርግ ላይ ሚዜዎች አንድ ዓይነት ለብሰው፣ ተውበው፣ ሙሽራዋን ከበው ይቆማሉ። ምን ሥራ አላቸው? ለማማር ነው። ድግሱ እንዲደምቅ ነው። ማንም ተነስቶ ይሄ ሴትን ማዋረድ ነው አላለም። ሰው ያማረ ነገር ማየት ይወዳል። ስፖርት ደግሞ ድግስ ነው። ድምቀቱን ሁሉ አንድ በአንድ አውጥታችሁ ጎማና ነዳጅ ብቻ ካስቀራችሁልን ምኑን እናየዋለን?

ፍሬን_በጥሶ

ሚዜዋ እኮ በስሟ ትታወቃለች። የሙሽራዋ ጓደኛ ናት። ቁጭ ብላ ትበላለች፣ ትጨፍራለች፣ ቪዲዮው ሲታይ «ይቺ እከሊት ናት» ይባልላታል። ሰሌዳ የያዘችው ሴት ስም ስንቶቻችን እናውቃለን? የሹፌሩ ስም ነው እጇ ላይ ያለው።

ሜዳሊያ_አቅራቢዋ

ሁላችሁንም አነበብኩ። ስለኔ ስታወሩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ አሸር ነበርኩ፣ አሁንም አልፎ አልፎ እሠራለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በጎዳና ሩጫዎች ላይ ሜዳሊያና አበባ በትሪ ይዘው መድረክ ላይ የሚወጡትን ሴቶች አይታችኋል? አንዷ እኔ ነኝ። ፎርሙላ ዋን አይደለም፣ ግን ሥራው ያው ነው። ተውበሽ መቆም።

ቀኑ እንዴት እንደሚውል ልንገራችሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነስቼ 10 ሰዓት ላይ ሜካፕ የሚሠሩልን ቤት እደርሳለሁ። 8 ሴቶች ነን። የሐበሻ ቀሚሱ የተሰፋው በአንድ ልክ ስለሆነ ሰፊ የሆነባትን ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ይሰበስቡላታል። ከፊት ስታዩን ልክክ ያለ ነው፣ ከኋላ ብታዩን በመርፌ ቁልፍ ተይዘን ነው የቆምነው። ጫማውን አምጥተው ያከፋፍሉናል። እኔ 39 ነኝ፣ የደረሰኝ 37 ነበር። አወጣሁትና እንደጠበበኝ ነገርኳቸው፣ «ለፎቶው ብቻ ነው» አሉኝ። ፎቶው 6 ሰዓት ፈጀ።

ሩጫው ሲጀመር እኛ መድረኩ ጥግ ፀሐይ ላይ ነን። ወንበር የለም። ቀሚሱ ይጨማደዳል ተብሎ መቀመጥም አይፈቀድም። ውሃ ብዙ አትጠጡ ይሉናል፣ ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው። ከዚያ ሯጮቹ ገቡ። አንደኛ የወጣችው ልጅ እግሯ ተልጦ ደም በካልሲዋ ላይ ይታያል። ትሪውን ይዤ አጠገቧ ስቆም የኔ እግርም ጫማው ውስጥ ደምቷል። ወደ ጫማዬ አየችና «አይዞሽ» አለችኝ። እሷ ናት እንግዲህ እኔን ያጽናናችኝ። ይሄን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ክፍያው ለቀኑ 800 ብር ነበር። የተከፈለኝ ከ2 ወር በኋላ ነው፣ ያውም በየሳምንቱ ደውዬ ደውዬ። ወረቀት ስላልፈረምኩ የምጠይቅበት ነገር አልነበረኝም። የአዘጋጁን ስም አልጠራም፣ አንዱ ብቻም አይደለም እንዲህ የሚያደርገው። በዚያ ላይ ዝግጅቱ ሲያልቅ ከስፖንሰሩ በኩል ያለ አንድ ትልቅ ሰው በአስተባባሪያችን አማካይነት ስልኬን አስጠየቀ። አስተባባሪያችን ሴት ናት። «ስጪው፣ ለሚቀጥለው ሥራ ይጠቅምሻል» አለችኝ። አልሰጠሁም። ለሚቀጥለው ሥራ አልተጠራሁም።

የቄራው፣ «ማንም አላስገደዳቸውም» ያልከው እውነት ነው። እኔንም ማንም አላስገደደኝም። የዩኒቨርሲቲ ወጪዬን የቻልኩት በዚህ ነው። ሦስተኛ ማርሽ፣ አንተም ስትከፋልኝ ከልብህ መሆኑ ይገባኛል። ግን መቆሜ አላዋረደኝም። ያዋረደኝ 37 ቁጥር ጫማው ነው። ስልኬን እንደ ትሪው ሜዳሊያ ለሰው ሊያቀርቡት መሞከራቸው ነው። ሥራውን አጥፉት ስትሉ እኔ ምን እንደምሆን አስቡ፣ ይቀጥል ስትሉም እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ።

የቄራው_ልጅ

እህቴ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ስለ ጫማውም ስለ ክፍያውም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ «ለማማር ነው» ብዬ ስጽፍ የቆመው ሰው እግር ትዝ አላለኝም። ሐሳቤን ገና አልቀየርኩም፣ ግን የተናገርኩበት መንገድ ልክ አልነበረም።

ጎማና_ዳገት

ከመቐለ ነኝ፣ እዚህ ብስክሌት ከኳስ አያንስም። ስለ ብስክሌቱ መድረክ እኔ ልጨምር።

ቱር ደ ፍራንስ ላይ ለብዙ ዓመታት አሸናፊው መሀል፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ፣ ጉንጩ ላይ ሳም፣ ፎቶ፣ አለቀ። ይሄ ያመጣውን ደግሞ አይተናል። በ2013 የፍላንደርስ ውድድር ላይ ካንቼላራ አሸንፎ ከአስተናጋጇ ሲሳም፣ ሁለተኛ የወጣው ፒተር ሳጋን ከጎኑ ሆኖ ከኋላዋ እጁን ሰዶ ቆነጠጣት። ካሜራ ፊት ነው፣ ዓለም እያየ። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ሳጋን ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። ግን መድረኩ ራሱ ሴቲቱን የሽልማቱ አካል አድርጎ ነው ያቀረባት። አበባው ያንተ፣ ማሊያው ያንተ፣ መሳሙ ያንተ። አንድ ወጣት ይሄን ሁሉ ተቀብሎ ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ ቢጠፋው የሚገርም አይደለም፣ ቢሆንም ጥፋቱ ጥፋት ነው።

አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት አላደረገም። አውስትራሊያ ውስጥ ቱር ዳውን አንደር በ2017 ሴቶቹን አስቀርቶ ታዳጊ ብስክሌተኞችን መድረክ ላይ አወጣ። የስፔኑ ቩኤልታ በዚያው ዓመት መሳሙን አስቀርቶ ወንዶችንም ጨመረ። ቱር ደ ፍራንስ በ2020 አንድ ወንድና አንድ ሴት አደረገው።

አሁን አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር። መሪው መድረክ ላይ የሚለብሰው ማሊያ ከሚወዳደርበት ይለያል። ዚፑ ከኋላ ነው። ከፊት ስፖንሰሩ ሳይቆረጥ እንዲታይ ተብሎ ነው። ስለዚህ ብስክሌተኛው ብቻውን ሊዘጋው አይችልም፣ እጁን ሲሰነዝር አንድ ሰው ከኋላው ሆኖ ሊስብለት ይገባል። ማለትም እዚያ ጋ የምር ሥራ አለ። አበባውን በሰዓቱ የሚያቀብል፣ ቢጫው ማሊያ ከአረንጓዴው እንዳይቀያየር የሚያይ፣ ለቀጥታ ስርጭት የተቆጠረችውን ደቂቃ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ይሄን ወንድም ሴትም ይሠራዋል። እንዲቀር የተደረገው መሳሙ ብቻ ነው። በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ 3 ኤታፕ (የአንድ ቀን ውድድር) አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ እስከ መጨረሻው ሲወስድ እኛ እዚህ ያለቀስነው በደስታ ነው፣ ከጎኑ ማን እንደቆመ ማን አየ?

ቢኒያምን ካነሳሁ አይቀር፣ በ2022 በጣሊያኑ ጂሮ ላይ ኤታፕ ባሸነፈበት ቀን መድረክ ላይ የከፈተው ጠርሙስ ክዳን ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑን መታውና ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ያኔ ስለ ጠርሙሱ አከፋፈት ሰው ሁሉ ተወያየ። የቆነጠጧት ሴትም እንደዚያ በቁም ነገር ብትወራ ኖሮ እስከ 2020 ባልተጠበቀ ነበር።

የቀኝ_ቡጢ

ልጆች ሰላም ናችሁ? እኔ ዕድሜዬ ገፋ ያለ የቦክስ ወዳጅ ነኝ። አንዲት ነገር ብቻ ልበል።

በየዙሩ መሀል ቁጥር ይዘው ገመዱ ውስጥ የሚዞሩት ሴቶች ያኔ አንድ ጥቅም ነበራቸው። አዳራሹ ይጮሃል፣ ስክሪን የለም፣ ስንተኛ ዙር ላይ እንደደረስን ከሩቅ የተቀመጠ ሰው በዚያ ካርድ ነው የሚያውቀው። ዛሬ ቁጥሩ ጣሪያው ላይ በተሰቀለው ስክሪን አለ፣ ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ አለ፣ ስልክህ ላይ አለ። ሥራው ሄዶ ሴቲቱ ቀረች። ልብሱ ደግሞ እያጠረ መጣ።

የድብልቅ ፍልሚያው (ኤምኤምኤ) ካቢብ ኑርማጎሜዶቭ በ2021 በሱ ስፖርት ከነዚህ ሴቶች የበለጠ የማይጠቅም ሰው የለም ብሎ ተናገረ። ካቢብን እንደ ተፋላሚ አከብረዋለሁ፣ በዚህ ግን አልወደድኩለትም። ልጅቷ ተጠርታ፣ ተቀጥራ፣ ይሄን ልበሺ ተብላ ነው የወጣችው። ቅር ያለው ሰው ቀጣሪውን ይናገር። ሁልጊዜ ዱላው የሚያርፈው ደሞዝ ተቀባይዋ ላይ ነው፣ ከፋዩ ላይ ሲያርፍ አላየሁም።

ልጄ ሜዳሊያ አቅራቢዋ፣ ስልክሽን አለመስጠትሽ አኮራኝ። በርቺ።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ጋሼ ከፋዩን አንስተዋል፣ እኔ ከአሜሪካ በኩል ስለ ከፋዩ ልጨምር። እዚህ ዲሲ አካባቢ ያለን ሀበሾች የዋሽንግተን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ጎረቤታችን ነው፣ ስታዲየሙ ሜሪላንድ ላንዶቨር ነው። ቺርሊደሮቹ፣ ማለትም በጨዋታው መሀል እየጨፈሩ ደጋፊውን የሚያነቃቁት፣ ከ1962 ጀምሮ የነበሩ ናቸው።

መጀመሪያ ግን ቺርሊደር ከግሪድ ገርል ጋር አንድ አይደለም፣ እዚህ ክር ላይ እንዳትደባልቁት። እነዚህ ዳንሰኞች ናቸው። ተፈትነው ነው የሚገቡት፣ ዓመቱን ሙሉ ይለማመዳሉ፣ ጉልበታቸው እንደ ስፖርተኛ ይጎዳል። የሚሠሩት ነገር አለ።

ግን የተያዙት እንዴት ነው? በ2018 ኒውዮርክ ታይምስ እንደዘገበው ቡድኑ በ2013 ለካላንደር ፎቶ ኮስታሪካ ወስዷቸው ነበር። እንደደረሱ ፓስፖርታቸው ተሰበሰበ። ስፖንሰሮችና የስታዲየሙን ውድ ክፍሎች የተከራዩ ወንዶች ፎቶ ሲነሱ ቆመው እንዲያዩ ተጋበዙ። ማታ ደግሞ ከሴቶቹ ጥቂቶቹ ተመርጠው ከነዚያው ሰዎች ጋር የምሽት ክበብ እንዲሄዱ ተነገራቸው። ፓስፖርት መሰብሰብ ሲባል እኛ ሀበሾች ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አይገባም። ዓረብ አገር የሄደች እህት የሌለው ማን አለ?

ክፍያውንም እዩት። የሌላው ቡድን የኦክላንድ ሬደርስ ቺርሊደሮች በሜዳቸው ለሚደረግ አንድ ጨዋታ 125 ዶላር ነበር የሚያገኙት። ልምምዱ፣ ዝግጅቱ፣ የፀጉሩ ወጪ በራስ ነው። ሲሰላ ለሰዓት 5 ዶላር አይሞላም። አንዷ ልጅ በ2014 ጀመረችና ፍርድ ቤት ወሰደቻቸው። በዚያው ዓመት ክለቡ 1.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ቀጥሎ ካሊፎርኒያ የፕሮፌሽናል ቡድን ቺርሊደር ተቀጣሪ ናት፣ የተቀጣሪ መብት አላት የሚል ሕግ አወጣ። የዳላስ ካውቦይሶቹም ብዙ ከታገሉ በኋላ በ2025 ክፍያቸው ወደ 400 በመቶ አደገ። ሥራው አልጠፋም። ሰዎቹ መብታቸውን ይዘው ቀጠሉ።

የዋሽንግተኑ ቡድን በተቃራኒው በ2021 ቺርሊደሮቹን አፍርሶ ወንዶችና ሴቶች የተቀላቀሉበት የዳንስ ቡድን አቋቋመ። አዲሱ ቡድን ጥሩ ነው፣ ልጆቼን ይዤ ሄጄ አይቻለሁ። ግን ጥፋቱን የሠሩት ኃላፊዎቹ ሆነው ሥራቸውን ያጡት ልጆቹ መሆናቸው ያንገበግበኛል። ሦስተኛ ማርሽ ስለ አወጣጡ ያለው ትክክል ነው።

ለንደን_ማታ

እዚህ እንግሊዝ ዳርት (ትንንሽ ቀስት ሰሌዳ ላይ የሚወረወርበት ጨዋታ) ከፎርሙላ ዋን በፊት ነው የወሰነው፣ በ4 ቀን ይቀድማል። ድሮ ተጫዋቹ ወደ መድረክ ሲሄድ አጅበውት የሚወጡ ሴቶች ነበሩ። ጃንዋሪ 27 ቀን 2018 የባለሙያዎቹ ዳርት ድርጅት ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር ተነጋግሮ አስቀራቸው። ፔቲሽን ተፈረመ፣ ጩኸት ሆነ፣ ዳርት ሞተ ተባለ።

የሆነውን ልንገራችሁ። የማታ ፈረቃ ሠርቼ በምወጣበት ሰሞን፣ ዲሴምበር 17 ቀን 2019 ነው፣ አሌክሳንድራ ፓላስ ላይ ፋሎን ሸሮክ የምትባል ሴት ቴድ ኢቬትስን 3 ለ 2 አሸነፈች። በዚያ የዓለም ሻምፒዮና ወንድ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ከታላላቆቹ አንዱን ሱሊዮቪችን 3 ለ 1 ጣለችው። አዳራሹ ሙሉ ስሟን እየጠራ ይዘፍን ነበር። ሰካራሙም፣ የቀልድ አልባሳት የለበሰውም፣ ሁሉም። እኔ ዳርት የማላውቅ ሰው እንባዬ መጣ።

ሴቶቹ ስለቀሩ ነው ያሸነፈችው አልልም። ተለማምዳ ነው ያሸነፈችው። ግን ለዓመታት በዚያ መድረክ ላይ ሴት የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሰው አጅባ ነበር። አሁን ወጥታ የራሷን ወረወረች። ያን ያዩ ትንንሽ ልጆች ምን እንዳሰቡ መገመት አይከብድም።

የቄራው_ልጅ

እሺ፣ ብዙ ተማርኩ። አንዱን ግን መልሱልኝ። ፍሬን በጥሶ «ስሟን ማን ያውቃል» ብሎ ነበር። ጃፓን ሂዱ። ሱፐር ጂቲ የሚባለው የመኪና ውድድር ላይ እስከ ዛሬ ሬስ ኩዊን የሚባሉ ሴቶች አሉ። በስማቸው ይታወቃሉ። የራሳቸው ደጋፊ አላቸው፣ ሰው ካሜራ ይዞ ተሰልፎ ነው ፎቶ የሚያነሳቸው፣ በየዓመቱ ሽልማት አላቸው። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ትወና የገቡ አሉ። ታዲያ ስም ካለ፣ ክፍያ ካለ፣ የሥራ ዕድገት ካለ፣ እዚያም ይቅር ልንል ነው? እኔ የምለው ይቅር ከማለት በፊት እንደ ሥራ ይቆጠር ነው። ሜዳሊያ አቅራቢዋ ያለችውም ይሄንኑ ይመስለኛል።

ሦስተኛ_ማርሽ

የቄራው፣ የጃፓኑ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አስቤበታለሁ። ስም መኖሩ ለውጥ ያመጣል፣ እቀበላለሁ። ክሩን ስከፍት «መቅረቱ ልክ ነው» ብዬ ዘግቼው ነበር። አሁን ትንሽ ልከፍተው።

ጎማና ዳገት ስለ ዚፑ የጻፈው ነገር ነው ያሳሰበኝ። መድረኩ ላይ ሥራ ካለ ሰው ይቁም፣ ወንድም ይሁን ሴት። ሥራ ከሌለ ግን ሰውን ለቀለም አታቁሙ። ፎርሙላ ዋን ላይ ያ ሰሌዳ ምን ያደርግ ነበር? ሹፌሩ የት እንደሚቆም መስመሩ ላይ ተጽፎለታል፣ መካኒኮቹ ይጠብቁታል። በ2018 ልጆቹን ሲያመጡ ግን ያ ልጅ ነገ መንዳት የሚፈልግ ልጅ ነው፣ ከጀግናው አንድ ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ያን ሞተር ይሰማል። እዚያ መቆሙ ለራሱ ለልጁ ነው። ለስፖንሰሩ አይደለም።

ሴትን በተመለከተ፣ በኔ ዓይን ትልቁ ፎቶ የ2019 ብራዚል ነው። ፌርስታፐን አሸነፈ፣ የቡድኑን ዋንጫ ለመቀበል ሬድ ቡል የላከው ሐና ሽሚትስን ነው። ስትራቴጂስት ናት። መቼ ጎማ እንደሚቀየር የምትወስነው እሷ ናት፣ ያን ቀን ደግሞ ውሳኔዋ ነው ያሸነፈው። ሻምፓኝም ረጭታለች። ሻንጋይ ላይ ዓይኗን ጨፍና የቆመችው ሴትና ሐና የቆሙት አንድ ዓይነት መድረክ ላይ ነው፣ መሀላቸው 4 ዓመት ብቻ ነው ያለው። አሁን ደግሞ ከ2023 ጀምሮ የሴቶች ብቻ የሆነው የመኪና ውድድር ኤፍ ዋን አካዳሚ አለ፣ በ2025 ላውራ ሙለር በሃስ ቡድን ለአንድ ሹፌር የሬስ ኢንጂነር (በውድድር ላይ በሬዲዮ የምትመራው መሐንዲስ) ሆናለች፣ በፎርሙላ ዋን የመጀመሪያዋ ሴት። ገና ብዙ ይቀራል፣ የምትነዳ ሴት የለችም።

ለራሳችን ደግሞ እናስብ። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በኮሮና ምክንያት ሰለሞን ባረጋ የ10 ሺህ ሜትር ወርቁን በትሪ ቀርቦለት ራሱ አንስቶ አንገቱ ላይ አጠለቀ። ወርቁ አልቀለለም። ግን እንደ ድሮው ሰው ቢያጠልቅለት ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሰው ለሰው ክብር መስጠቱ ደስ ይላል። ያን ክብር የምትሰጠዋ ሴት እሷስ ማን አከበራት ነው የኔ ጥያቄ አሁን። ሜዳሊያ አቅራቢዋ፣ አንቺ ብትወስኚ ምን ታደርጊ ነበር?

ሜዳሊያ_አቅራቢዋ

ጋሼ የቀኝ ቡጢ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ለጠየቅከኝ ልመልስ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ።

እኔ ብወስን ትሪውን ከሚይዙት ግማሾቹ ወንዶች ይሆናሉ። ሰፈር ውስጥ የሚሮጡ ታዳጊዎችንም እጨምራለሁ፣ ልክ ብስክሌቱ ላይ እንዳደረጉት፣ ግን ወላጆቻቸው ባሉበትና ፀሐይ ላይ ሳይቆሙ። ቀሚሱ በየሰው ልክ ይሰፋል ወይም እያንዳንዷ የራሷን ትለብሳለች፣ የሐበሻ ቀሚስ የሌላት የለችም። ወንበር ይኖራል። ክፍያው በሳምንት ውስጥ ይገባል። የማንም ስልክ ለማንም አይሰጥም፣ የጠየቀ ሰው ስፖንሰርም ቢሆን ለአዘጋጁ ሪፖርት ይደረጋል።

የሚገርማችሁ ይሄን ክር እያነበብኩ ሳለ ትናንት ተደወለልኝ። የሚቀጥለው ወር የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። ሌላ አዘጋጅ ነው። ሦስት ነገር ጠየቅኩ። በራሴ ጫማ፣ እረፍት ላይ መቀመጫ፣ ከዝግጅቱ በፊት የተፈረመ ውል። ልጅቷ ትንሽ ዝም አለችና «አለቃዬን ልጠይቅ» ብላ ዘጋች። ማታ መልሳ ደወለች። ጫማው ይቻላል፣ ነጭ ይሁን ብቻ አለችኝ። ወንበሩንም እናመጣለን አለች። ውሉን በኢሜይል እንልክልሻለን ብለዋል። እስካሁን አልመጣም። እየጠበቅኩ ነው፣ ካልመጣ አልሄድም።